አውሮፓ ወዳጅ ሲቀይር ዱቦ ገንዘብ ይቀይራል

ከጠገራ ብር እስከ ሊሬ፣ ከሽልንግ እስከ ኢትዮጵያ ብር፦ የመንግሥታት መገለባበጥ ነጋዴውን ምን አስከፈለው?

ዱቦ በወላይታ፣ ከአረካ ከተማ አጠገብ የምትገኝ ሥፍራ ናት። ዛሬ በይበልጥ የምትታወቀው በካቶሊክ ሚሲዮኗና በቅድስት ማርያም ሆስፒታሏ ነው። በአካባቢው ገበያ ቅቤ ይመዘናል፣ በሬ ይጎተታል፣ ቆዳ፣ ቡናና ዝንጅብል ይጫናል። የለንደንና የሮም፣ የፓሪስና የበርሊን ጉዳይ እዚህ ምን ሥራ አለው የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ በ1920 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ በዚህ አካባቢ ቅቤና ቆዳ መነገድ የጀመረ አንድ ሰው ይታሰብ። አያቱ የወላይታ መንግሥት በ1887 ዓ.ም. ከመውደቁ በፊት ማርጩዋ በሚባለው የብረት ገንዘብ ገዝቶ ሸጧል። ነጋዴው ራሱ ሥራውን የጀመረው በጠገራ ብር ነው። ሃያ ዘጠኝ ሲሞላው ሊሬ ተቀበል ተባለ። ሠላሳ ሦስት ላይ ሽልንግ መጣ። ሠላሳ ሰባት ላይ ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ከሠፈሩ ሳይነቃነቅ፣ ቅቤውን ሳይለውጥ፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አራት ዓይነት ገንዘብ ቆጥሯል ማለት ነው።

ከእነዚህ ለውጦች አንዱም በዱቦ ገበያ ላይ የተወሰነ አልነበረም። ሁሉም የተወለዱት አውሮፓ ውስጥ ትናንት ወዳጅ የነበሩ መንግሥታት ዛሬ ጠላት፣ ትናንት ጠላት የነበሩትም ዛሬ ወዳጅ በመሆናቸው ነው። ነገሩን በጥሞና ለመረመረ ነጋዴ ግን አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። መገለባበጡ ከመታወጁ በፊት ምልክቱ በንግድ ወረቀት ላይ ይታይ ነበር።

ሁሉም የፈረመ፣ ሁሉም ያፈረሰ

ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ የጀርመንና የኦስትሪያ የጦር ቃል ኪዳን አባል ነበረች። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ግን ገለልተኛ ነኝ አለች። በሚያዝያ 1915 ለንደን ላይ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር በምሥጢር ተፈራርማ በቀጣዩ ወር የቀድሞ ወዳጇን ኦስትሪያን ወጋች። በዚያ ውል ውስጥ እንግሊዝና ፈረንሳይ በአፍሪካ ግዛታቸውን ካሰፉ ጣሊያንም ካሳ ታገኛለች የሚል አንቀጽ ነበረበት። የካሳው ሒሳብ ሳይዘጋ ቆየ።

ኢትዮጵያን በሚመለከትም ወረቀቱ የበዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ሦስቱ መንግሥታት፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን፣ የኢትዮጵያን ነጻነት እናከብራለን እያሉ በዚያው ወረቀት የየራሳቸውን የጥቅም ቀጠና አስቀመጡ። በ1923 ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በ1925 እንግሊዝና ጣሊያን በደብዳቤ ልውውጥ ጣናንና የባቡር መስመርን የሚመለከት ስምምነት አደረጉ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ለማኅበሩ አቤት አሉ። በነሐሴ 1928 ደግሞ ኢትዮጵያና ጣሊያን ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። በውሉ ኢትዮጵያ በአሰብ ነጻ የወደብ ቦታ እንድታገኝ፣ ከአሰብ ወደ ደሴም መንገድ እንዲሠራ ታስቦ ነበር።

ሃያ ዓመት የተባለው ወዳጅነት ሰባት ዓመት ብቻ ቆየ።

የባቡሩ አክሲዮን ቀድሞ ተናገረ

በሐምሌ 1934 የኦስትሪያው መሪ ዶልፉስ በናዚዎች እጅ ሲገደል ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ብሬነር መተላለፊያ ላከ። በዚያን ጊዜ ሂትለርን በጦር ያስፈራራ የአውሮፓ መሪ እርሱ ነበር። ፈረንሳይ ከዚህ የተነሳ ጣሊያንን በጀርመን ላይ አጋር ለማድረግ ቋመጠች። ዋጋ መክፈልም ነበረባት።

ዋጋው የተከፈለው ጥር 7 ቀን 1935 ሮም ላይ ነው። የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ከሙሶሊኒ ጋር ሲፈራረሙ ከተሰጡት ነገሮች አንዱ የጅቡቲ - አዲስ አበባ ምድር ባቡር 2,500 አክሲዮን ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባና የሚወጣ አብዛኛው ጭነት የሚያልፍበት የባቡር ኩባንያ አክሲዮን፣ ኢትዮጵያን ለመውረር በዝግጅት ላይ ወዳለ መንግሥት ተዛወረ። ጦርነቱ ከመጀመሩ ዘጠኝ ወር ገደማ በፊት መሆኑ ልብ ይባል።

በሚያዝያ 1935 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስትሬዛ ላይ ተሰብስበው በጀርመን ላይ አንድ ግንባር መሥራታቸውን አስታወቁ። መግለጫው ሰላም ሲል «የአውሮፓን ሰላም» አለ። አፍሪካ አልተጠራችም። በዚያን ጊዜ የጣሊያን ወታደርና ትጥቅ በስዊዝ ቦይ አልፎ ወደ ምጽዋ ይጎርፍ ስለነበር ሙሶሊኒ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጠረው።

ግንባሩም ብዙ አልቆየም። ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሰኔ 18 ቀን 1935፣ እንግሊዝ ፈረንሳይንና ጣሊያንን ሳታማክር ከሂትለር ጋር የባሕር ኃይል ስምምነት ፈረመች። ጀርመን የእንግሊዝን ባሕር ኃይል 35 በመቶ የሚያህል መርከብ እንድትሠራ ተፈቀደላት። ጀርመን በበኩሏ በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ በስውር ጠመንጃና ጥይት ላከች። ፍቅር ይዟት አልነበረም፤ ጣሊያን አፍሪካ ውስጥ በተዘፈቀች ቁጥር ከኦስትሪያ ላይ ዓይኗን ታነሳለች በሚል ስሌት ነበር።

የንግሥቲቱን ፊት የተሻሙት መንግሥታት

አሁን ወደ ገበያው ገንዘብ እንመለስ። ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚባለው፣ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ሲሆን ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀርቷል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ገደማው ንጹሕ ብር ነው። ነጋዴው ሲቀበል በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥር፣ ጠርዙን በጣቱ ይዳስስ፣ ድምፁንም ያዳምጥ ነበር። የማንም መንግሥት ፊርማ አያስፈልገውም፤ ዋጋው በሆዱ ውስጥ አለ።

ኢትዮጵያን ለመውረር የተነሳ ጦር ደግሞ ይህ ብር ያስፈልገዋል። በቅሎ ለመከራየት፣ እህል ለመግዛት፣ አስካሪ ለመቅጠር፣ ባላባት ለማባበል ሌላ ገንዘብ አይሠራም። በሐምሌ 1935 ሮም ከኦስትሪያ ጋር ተዋውላ የብሩን ማተሚያ ቅርጽ ተረከበች። ውሉ ለ25 ዓመት ይጸናል ተባለ። ጦርነቱ ሊጀመር ሦስት ወር ሲቀረው ማለት ነው።

ጣሊያን ብሩን ለሌሎች ባንኮችና ነጋዴዎች አልለቅም ስትል የቀይ ባሕር ንግድ ጭንቅ ውስጥ ገባ። ኤደንም ሆነ ጅቡቲ ያለ ማርትሬዛ አይሠሩም። ፈረንሳይ በ1935 ፓሪስ ላይ፣ እንግሊዝ በ1936 ለንደን ላይ፣ ቤልጅግም በ1937 ብራስልስ ላይ የዚያችኑ ንግሥት ፊት ማተም ጀመሩ። ሴትየዋ ከሞተች 150 ዓመት አልፏታል፤ ብሩም በኦስትሪያ ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ባለቤት የለውም ብለው ተከራከሩ። ስትሬዛ ላይ እጅ ለእጅ የተያያዙት ሦስቱ መንግሥታት በሁለት ዓመት ውስጥ አንዱ የሌላውን ገንዘብ የሚቀዱ ተፎካካሪዎች ሆኑ።

የለንደን ማተሚያ ግን የለንደንን ፖለቲካ አልጠበቀም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው ተጀመረ። በኅዳር 1935 (እ.ኤ.አ.) የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ፤ ዘይት ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም፤ ስዊዝም አልተዘጋም። በታኅሣሥ የእንግሊዙ ሰር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ ክፍል ለጣሊያን የሚያስረክብ እቅድ አዘጋጁ። ወሬው አፈትልኮ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣና ሆር ከሥልጣን ለቀቁ። ሰውየው ሄዱ፤ ሐሳቡ ግን አልሄደም። ማዕቀቡ በሐምሌ 1936 ተነሳ። ጀርመንም በመከር ወራት ፊቷን አዙራ የጣሊያንን ግዛት ዕውቅና ሰጠች። እንግሊዝ በሚያዝያ 1938 ከሮም ጋር ተስማምታ በኅዳር ወር የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ አጸደቀች።

ሊሬ የያዘና ጠገራ የቀበረ

የጣሊያን ጦር ወላይታ የደረሰው በ1929 ዓ.ም. ነው። ከእርሱ ጋር ሊሬ መጣ፤ ሕጋዊው ገንዘብ እርሱ ነው ተባለ። የመንገድ ሠራተኛ በሊሬ ተከፈለው፣ ቆዳና እህል በሊሬ ተገዛ። ነጋዴው ግን ጠገራውን በማሰሮ አድርጎ ጓሮ ቀበረ።

ይህ የገጠር ሰው ግትርነት አልነበረም። በጥቅምት 1936 (እ.ኤ.አ.) የሙሶሊኒ መንግሥት የሊሬን የወርቅ ዋጋ 41 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በወርቅ ሲሰላ በመስከረም 100 የነበረው በጥቅምት 59 ሆነ። ሊሬው ወደ ወላይታ ሲገባ ከጎኑ የተቆረሰ እንጀራ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ሌላ መገለባበጥ መጣ። ሰኔ 10 ቀን 1940 ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ገና በሁለት ዓመት በፊት የጣሊያንን የኢትዮጵያ ግዛት ያጸደቀችው እንግሊዝ፣ ባት ላይ በስደት የነበሩትን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በአውሮፕላን ወደ ሱዳን አደረሰች። ከጎጃም በኩል የገባው ጦር ከጥይቱ ጋር በግመል ጠገራ ብር ጭኖ ነበር። የቦምቤይ ማተሚያ ቤት ለዚሁ ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር ማርትሬዛ አትሟል። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ሶዶም በግንቦት ወር በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባች።

በዚያን ቀን ሊሬ የያዘ ነጋዴ ምን ነበረው? እንግሊዞች በኤርትራና በሶማሊያ ያወጡት ተመን ለአንድ ፓውንድ 480 ሊሬ ነበር። ከጦርነቱ በፊት አንድ ፓውንድ ከ100 ሊሬ በታች ይገዛ ነበር። ከአምስት እጅ አራቱ እንደ ጉም በነነ ማለት ነው። ጠገራውን የቀበረው ሰው ግን መሬቱን ቆፍሮ ያንኑ ብር አወጣ።

እዚህ ላይ ግን ጠገራ ብርም ፍጹም መሸሸጊያ እንዳልነበረ መናገር ይገባል። በ1934 አሜሪካ የብር ግዥ ሕግ አውጥታ ከዓለም ገበያ ብር ስትሰበስብ የአንድ ወቄት ብር ዋጋ በ1935 ጸደይ እስከ 81 ሳንቲም ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ግዥዋን ስትቀንስ እ.ኤ.አ. በ1936 መጀመሪያ ወደ 45 ሳንቲም ወረደ። የዋሽንግተን ሐሳብ ሲለዋወጥ የዱቦ ማሰሮ ውስጥ የተቀበረውም ዋጋው ይዋዥቅ ነበር። ልዩነቱ ብር ሲወድቅ ግማሽ ይሆናል፤ ወረቀት ሲወድቅ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያም ወዳጅ ቀየረች

የተገለባበጡት አውሮፓውያን ብቻ ናቸው ቢባል ግን ስሕተት ነው። ከጣሊያን ቀጥሎ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገበያውን ያዘ። በጥር 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት እንግሊዝ ገንዘብ ልትረዳ፣ አማካሪም ልትሰጥ ተስማማች። የኢትዮጵያ የራሷ ገንዘብ ጉዳይ ሲነሳ ለንደን ያቀረበችው ሐሳብ መጠባበቂያው ለንደን የሚቀመጥ የገንዘብ ቦርድ ነበር። ገንዘቡ የኢትዮጵያ ስም ይኑረው፣ ቁልፉ ግን በእንግሊዝ ኪስ ይሁን እንደ ማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ አልተቀበሉትም። ፊታቸውን ወደ አሜሪካ አዞሩ። አሜሪካ ለሃምሳ ሳንቲሙ የሚሆን ብር በጦር ጊዜ የብድርና ኪራይ ሕግ ሰጠች። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ኖት የያዘው የመንግሥት ባንክ ገዢ የነበሩትን የአሜሪካዊውን የጆርጅ ብላወርስን ፊርማ ነው። አንድ የኢትዮጵያ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ። ነጻ አውጪ ተብሎ አበባ የተነሰነሰለት እንግሊዝ ከአራት ዓመት በኋላ በሌላ ወዳጅ ተመዘነ።

ወረቀቱን ነጋዴው እንዲያምነው ያደረገው የሃምሳ ሳንቲሙ እውነተኛ ብር መሆኑ ነበር። ዓይኑ ማርትሬዛ ለለመደ ገበያ አዲስ መንግሥታዊ ተስፋ በብረት መታሰር ነበረበት።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወላይታ ይህንኑ በሌላ መልክ አየች። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ዋዱ የሚለው፣ ማዳበሪያና ብድር ለገበሬው ማድረስ የጀመረው የኢትዮጵያ ዋና ወዳጅ ዋሽንግተን በነበረችበት ዘመን ነው። በ1969 ዓ.ም. አሜሪካኖች ከቃኘው ሲወጡ ሞስኮ ገባች። ሞስኮም ራሷ ገና በ1974 (እ.ኤ.አ.) የወዳጅነት ውል የፈረመችላትን ሶማሊያን ትታ ነው የመጣችው። ዚያድ ባሬ በበኩላቸው ሶቪየቶችን አባርረው ወደ አሜሪካ ዞሩ። ሁለት ጎረቤታሞች ወዳጅ ተለዋወጡ።

ለዛሬው ነጋዴ ምን ይቀራል?

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ የቅርቡን ያስታውስ። በኅዳር 2021 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል እንደምትወጣ አስታወቀ። ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮም ተፈጻሚ ሆነ። ለአሜሪካ ገበያ ልብስ የሚሰፋ ፋብሪካ የነበረው ጊዜ ሁለት ወር ብቻ ነበር። በጥር 2024 ኢትዮጵያ የብሪክስ አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ዋሽንግተን ካለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ.) ጋር የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ተዋዋለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም 100 ብርን አለፈ።

ይሁን እንጂ ይህ ዋጋ ለደላላው እንግዳ አልነበረም። በጥቁር ገበያ ዶላር ከ100 ብር በላይ መሸጥ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። በ1935 እንደሆነው ሁሉ ገበያው ከመግለጫው ቀድሞ ተናገረ።

የዚያ ዓመት ቅደም ተከተል ለነጋዴ የሚጠቅመው በዚህ ነው። በጥር የባቡሩ አክሲዮን ተዛወረ። በሐምሌ የጠገራው ማተሚያ ቅርጽ ተሸጠ። በነዚያው ወራት የዲፕሎማቶች አፍ ስለ ሰላምና ስለ ድርድር ይናገር ነበር። ጦርነቱ የመጣው በጥቅምት ነው። የወዳጅነት ውሉን ያነበበ ሰው ገና አሥራ ሦስት ዓመት ይቀረዋል ብሎ ተኝቷል፤ ማን ምን እንደገዛ ያየ ሰው ግን ዘጠኝ ወር ቀድሞ ነቅቷል።

ስለዚህ የውጭ ገዢ ያለው፣ ዕቃ የሚያስመጣ፣ ወይም ቡናና ዝንጅብል ገዝቶ የሚያከማች ሰው የመሪዎችን መጨባበጥ በቴሌቪዥን ማየቱ አይከፋም፤ ግን አይበቃም። ወደቡን ማን ይዞታል? ብድሩን ማን ያዘገያል? የመድን ዋጋ ለምን ጨመረ? የውጭ ባንኮች የኢትዮጵያን ኤል.ሲ. እንደ ድሮው ይቀበላሉ ወይ? ለእነዚህ የሚገኘው መልስ ከመግለጫ ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። ሁለተኛው ነገር ሸቀጡን ሁሉ በአንድ አገር ፈቃድ ላይ አለመጫን ነው። ውሉ ሃያ ዓመት ቢልም ወዳጅነቱ ሰባት ዓመት ሊሆን ይችላል።

ጣሊያን ለማርትሬዛ ማተሚያ የተዋዋለችው 25 ዓመት የተጠናቀቀው በ1960ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያን ጊዜ ሙሶሊኒ የለም፣ ግዛቱ የለም፣ ሊሬውም ከወላይታ ገበያ ከጠፋ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ኦስትሪያ ቅርጿን መልሳ ለሌሎቹ መንግሥታት ማተም ይብቃችሁ አለች። ዛሬም ቪየና የ1780ን ብር ታትማለች። በወላይታ ደግሞ ጠገራ ብር ከገበያ ወጥቶ በሴቶች አንገት ላይ ጌጥ ሆኖ ቀርቷል።